ሦስተኛው «ደህና ነሽ ወይ?»

የከተማዋን ስም አልጠራም። ብጠራውም ነዋሪዎቿ «የእኛ አይደለችም» ብለው በጣታቸው የጎረቤት ከተማ ያሳያሉ፤ እዚያ ብትሄዱ ደግሞ ሌላ ከተማ ያሳዩአችኋል። ስለዚህ ጣታቸው ይረፍ፣ ስሟም ይቅር። እኔ በካቶሊክ ሲስተሮች ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ስለነበር ያየሁትን አውቃለሁ። ያላየሁትን የነገረችኝ ራሷ ሲስተር ወለላ ናት። እሷ ደግሞ አትዋሽም፤ ልዋሽ ብላ ስትነሳ ጆሮዋ ይቀላል።

በዚያች ከተማ ሰው «ደህና ነህ ወይ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጣራው በነፋስ ቢነሳ፣ ከብቱ ቢያልቅ፣ ሚስቱ ጥላው ብትሄድ መልሱ ያው ነው። ሌላ ነገር መመለስ ጠያቂውን ማስጨነቅ ነው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ ሰው አያስጨንቅም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፋል። ሆዳችን ስንቱን እንደፈጀ አንድ እሱ ይወቀው።

የአገሩ ሹማምንት ይህን ሰምተው በጣም ደስ አላቸው። «ሕዝባችን ይህን ያህል ደህና ከሆነ ለምን ሳይመዘገብ ይቀራል?» ብለው «የደህና ነን ጽሕፈት ቤት» የሚባል አቋቋሙ። ሠራተኞቹ ጠያቂ ይባላሉ። ጠያቂው ቅጽ ይዞ በየወሩ ይመጣል። ቅጹ ላይ «ደህና ነህ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ አለ፤ ከሥሩ «ደህና ነኝ» የሚል መልስ ታትሟል፤ ከዚያ የፊርማ ቦታ ነው። መልሱ አስቀድሞ የታተመው ሕዝቡን ከመጻፍ ድካም ለማሳረፍ ነው ተባለ። ሁሉም የፈረመበት ቤት አረንጓዴ ባንዲራ ይሰጠዋል። ሆስፒታሉ ባንዲራ ነበረው። የመቃብሩ ስፍራም ነበረው፤ ጠያቂው ሦስት ጊዜ ሄዶ አንድም ቅሬታ አልቀረበለትም።

የእኛ ትምህርት ቤት ባንዲራውን ሰባት ዓመት ሙሉ ሳያወርድ ኖሯል። ርእሰ መምህርቷ ሲስተር አጋታ በየማለዳው ከጸሎት በኋላ ቀና ብለው ያዩታል። ደግ ሴት ናቸው፤ ፈሪ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም። በጠያቂ ቀን ያመመውን ልጅ «ቤትህ ተኛ፣ ለራስህም ለባንዲራውም ይሻላል» ብለው በብርቱካን ይሸኙታል።

ሲስተር ወለላ ወደዚህ ትምህርት ቤት የተላከችው ልጆችን እንድታዳምጥ ነበር። ገዳሟ ለዚህ ሥራ ሁለት ዓመት አስተምሯታል። ሲስተር አጋታ ከደረጃው ሥር መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበት የነበረውን ክፍል ሰጧት። እሷም አጥባ፣ ሁለት ወንበር አስገብታ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅላ፣ በሩን ከፍታ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ተቀመጠች። አንድ ልጅ መጣ፤ እሱም ባልዲ ፈልጎ ነበር።

ልጆቹ ምንም የሌለባቸው ሆነው አይደለም። ሲስተር ወለላ ዓይን አላት። በተለይ ከአምስተኛ ክፍሏ ከትሕትና ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። ትሕትና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በገመድ ዝላይ ግቢው ውስጥ የሚስተካከላት አልነበረም። ከመከር በፊት አያቷ ሞቱና ወደ አክስቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ገመድ አልነካችም። በዕረፍት ሰዓት የእመቤታችን ሐውልት ካለበት ዋሻ ጀርባ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ምሳዋን ሳትነካ ትመልሳለች። አንገቷ ከኮሌታዋ ውስጥ እየጠፋ ሄደ።

«ትሕትና፣ ደህና ነሽ?» ትላታለች ሲስተር ወለላ በየቀኑ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲስተር።»

አንድ ዓርብ በቅዳሴ መሐል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውሃ ረጭተን ስናነቃት ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ደህና ነኝ» የሚል ነበር። ሲስተር አጋታ «ሙቀቱ ነው» አሉ። ዕለቱ ብርድ ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ ጠያቂው አቶ ልሳነወርቅ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ግራ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደገፍ የማድረግ ልማድ ያላቸው ሰው ናቸው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ሁሉም ደህና በሆነበት ትምህርት ቤት የማዳመጫ ክፍል መኖሩ መዝገቡን መጠራጠር ስለሆነ፣ ክፍሉ ከመጪው የጠያቂ ቀን ጀምሮ የባንዲራ ማስቀመጫ ይሁን፤ አዳማጯም ሥራ ወዳለበት ቦታ ትዛወር። ባንዲራው አንድ ነው፤ እሱም ምሰሶው ላይ ነው ያለው። የጠያቂው ቀን አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«ምን ይደረግ እንግዲህ፣ ወለላ» አሉ ሲስተር አጋታ ደብዳቤውን አጣጥፈው። «ደህና ነን ብለን ፈርመናል። አሁን ደህና አይደለንም ብንል ውሸታሞች መሆናችን አይደል?»

ሲስተር ወለላ ስለ ክፍሉ አይደለም የተጨነቀችው፤ ክፍሉማ ለባልዲውም ቢመለስ ግድ የላትም። ያቺ ልጅ ግን በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተናገረች ማን ሊያናግራት ነው? ይህን እያሰበች የምሳ ሰዓት ደረሰ።

ለእንግዳው ምሳ ያቀረቡት የወጥ ቤቷ እትዬ ማንያህልሻል ናቸው። አቶ ልሳነወርቅ ገበታው ላይ ቀርበው «በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ኧረ ትንሽ ይቅመሱልኝ!»

«በእውነት ጠግቤያለሁ።»

«እኔ ልሙት! በሞቴ! ይቺን ብቻ!»

በሦስተኛው አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ታጠቡ። በቀኝ በኩል ብቻ እያኘኩ ሁለት ጊዜ ተጨመረላቸው፤ ከድስቱ የተረፈ አልነበረም።

እንግዳው ከሄዱ በኋላ ሲስተር ወለላ ወጥ ቤት ገባች። «እትዬ፣ በልቼ መጣሁ ብለው አልነበር?»

እትዬ ማንያህልሻል ድስቱን እየፈገፈጉ ሳቁ። «አይ ሲስተርዬ! ገና ብሉ ሲሉት ዘሎ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ባለጌ ነው? የመጀመሪያው እንቢታ የይሉኝታ ነው። ሁለተኛው ‹እውነት ትፈልጊኛለሽ ወይስ ለአፍሽ ነው› ማለት ነው። ረሃቡ የሚመጣው በሦስተኛው ነው። እኔ ሦስቴ ሳልለምን ከዚህ ደጅ ሰው ሸኝቼ አላውቅም።»

ሲስተር ወለላ በሩን ተደግፋ ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠይቅ ኖራለች፤ አንዴ እየጠየቀች። ለአንድ ጭልፋ ወጥ ሦስት ጊዜ የምንለምን ሰዎች፣ ለልጅ ሐዘን አንድ ጊዜ ጠይቀን፣ መልሱን ይዘን፣ መንገዳችንን እንሄዳለን። በራሷ አፈረች። እፍረቱ ግን ወዲያው እግር አወጣና ወደ ዋሻው ወሰዳት።

ትሕትና እንደ ወትሮዋ ከዋሻው ጀርባ ነበረች።

«ትሕትና፣ ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲስተር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ራሷን ደባብሳት ትሄድ ነበር። ዛሬ ነጭ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አፈር ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ደነገጠች፤ ሲስተር መሬት ላይ ስትቀመጥ አይታ አታውቅም።

«አሁንስ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩዎ እኮ።» ድምፅዋ ግን ቀጠነ።

«በሞቴ፣ ትሕትና። ደህና ነሽ ወይ?»

«በሞቴ አይበሉ!» ልጅቷ ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ የሲስተርን አፍ ልትይዝ ምንም አልቀራት። «አይበሉ! እርስዎም እንዳይሞቱብኝ!»

ከዚያ በኋላ የመጣውን እንባ ማንም ቢሆን ሊያቆመው አይችልም፤ ሲስተር ወለላም ልታቆመው አልሞከረችም። ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። አያቷ እማማ አስካለ አልጋ ላይ ሆነው «ሩጪና አባን ጥሪልኝ» ብለው ላኳት። እየሮጠች ሳለ ዋርካው ሥር ጓደኞቿ ገመድ ይዘላሉ። አንዴ ብቻ ብላ ገባች። ያን ቀን እግሯ አልሳሳት አለ። ሃምሳ ደረሰች፣ ሰማንያ ደረሰች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መቶ ዘለለች። ከዚያ ሮጣ ቄሱን አባ ጢሞቴዎስን ይዛ ስትመለስ እማማ አስካለ አርፈዋል።

«የመጨረሻውን ቅባት ሳይቀቡ ሄዱ» አለች ትሕትና። «በእኔ መቶ ዝላይ። አሁን የት እንዳሉ አላውቅም። በየቀኑ ለእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ‹ሰላም ለኪ ማርያም› እላለሁ፤ ምሳዬንም ለእሳቸው ትቻለሁ። ግን የበቃ አይመስለኝም።»

ሲስተር ወለላ የተማረችው ብዙ ነገር ነበር። የእግዚአብሔር ምሕረት በዝላይ እንደማይለካ ልትነግራት ትችላለች፤ ነገረቻትም። ልጅቷ ግን ጨዋ ናትና «እሺ» ብቻ አለች። እሺታው የመጀመሪያው ዓይነት እንደሆነ ሲስተር ወለላ አሁን ታውቃለች። ስለዚህ ስብከቱን ተወችና «ስለነገርሽኝ በጣም ደስ ብሎኛል» አለቻት። «ይህን ብቻሽን መሸከም አልነበረብሽም። አባ ጢሞቴዎስ እንዲሰሙ ትፈቅጅልኛለሽ? እምቢ ካልሽ ከእኔ አያልፍም።»

ትሕትና ረጅም ጊዜ አሰበች። «አይቆጡኝም?»

«ከተቆጡ ከእኔ ጋር ነው የሚጣሉት።»

አባ ጢሞቴዎስ በማግስቱ ጠዋት ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው በብስክሌት መጡ። ጆሮአቸው ከበድ ይላል፤ እጃቸውን ከጆሮአቸው ጀርባ አድርገው ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ሁሉንም ሰሙ። ልጅቷ እየነገረች ወለሉን ነበር የምታየው። ስትጨርስ ሽማግሌው «አስካለ? የታችኛው ሰፈሯ አስካለ?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«እሷንማ ማለዳ ቀብቻታለሁ!»

ትሕትና ቀና አለች።

«ያን ዕለት ማለዳ፣ ቅዳሴ እንደወጣሁ። አንቺ ወፍጮ ቤት ሄደሻል ብላኝ ነበር። ተናዘዘች፣ ቆረበች፣ ቀባኋት። ‹አሁን ጓዜን ጠቅልያለሁ› ብላ ሳቀችብኝ። ምን ቀረባት?»

«ታዲያ ለምን ጥሪልኝ አሉኝ?» ልጅቷ አላመነችም። ለመጽናኛ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌዎች ብዙ እንደሆኑ ታውቃለች።

አባ ጢሞቴዎስ መነጽራቸውን አውልቀው ፊቷ ላይ አወዛወዙት። «ለዚህ! ትራሷ ሥር ረስቼው ሄጄ ነበር። ከሰዓት ስትመጪ ብስክሌቱን ትቼ እጄን ይዘሽ ነበር የመራሽኝ። ለምን ይመስልሻል? ደንጊያውን ከውሻ መለየት አቅቶኝ ነው!»

ትሕትና አፏን ከፍታ ቀረች። ትዝ አላት። መንገዱን ሙሉ «ጉድጓድ አለ፣ አባ፣ በዚህ በኩል» ስትል ነበር። ከዚያም በሩ ላይ ቆማ፣ አባ ጎንበስ ብለው ከእማማ እጅ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ ብለው ሲወስዱ አይታለች።

«መስቀል ነበር የመሰለኝ» አለች።

«መነጽሬ ነው። እንዳይሰበር ይዛልኝ ነው የተኛችው፤ አንቺ እኮ የእሷ ልጅ ነሽ፣ ታውቂያታለሽ። መቶ ብትዘይም ሁለት መቶ ብትዘይም የዘገየው መነጽር ነው።»

ከዚያ ትሕትና ለሦስት ወር ይዛው የኖረችውን ትንፋሽ የተነፈሰች መሰለ፤ ትከሻዋ ወረደ፤ ፊቷ ላይ ቀለም ተመለሰ። ሲስተር ወለላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። እንዲህ ያለ ዕረፍት በሕይወቷ ተሰምቷት አያውቅም፤ የራሷ ሸክም የወረደላት ያህል ሆነላት።

«ሲስተር» አለች ትሕትና፣ «እትዬ ማንያህልሻል ጋ የተረፈ ነገር ይኖር ይሆን?»

ነበረ። ገና በመጀመሪያው «ብይ» ተቀምጣ በላች። እትዬ ማንያህልሻል በዚያ ቀን ባለጌ የሚለውን ቃል አላነሱም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር ወለላ ማንንም አንዴ ጠይቃ ማለፍ ተወች። በሦስተኛው የሚወጣውን ስትሰሙ ታዝናላችሁ፣ ትስቃላችሁም። አንዱ ልጅ የታናሽ ወንድሙን ጠባብ ጫማ አድርጎ ዓመት ሙሉ በተረከዙ ሄዷል። አንዲቷ አባቷ ከቤት ከወጣ ወዲህ እናቷ እንደማታናግራት ነገረች፤ ሲስተር ወለላ እናትየውንም ሄዳ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት። ሌላው የእኔን የጂኦግራፊ ትምህርት እንደሚፈራ ተናገረ። ይህን ስሰማ ተቆጣሁ፤ በኋላ ግን አንድ ተማሪ የወንዝ ስም ቢረሳ ካርታው ላይ በጣት ማሳየት ይበቃል አልኩ። ያቺ የባልዲ ክፍል በር ላይ ሰልፉ እስከ ውሃ ቧንቧው ደረሰ። ሲስተር አጋታ ከመስኮታቸው ሰልፉን እያዩ አንዴ ወደ ባንዲራው፣ አንዴ ወደ ልጆቹ ይመለከቱ ነበር።

የጠያቂው ቀን ደረሰ። አቶ ልሳነወርቅ ጠረጴዛቸውን ግቢው መሐል ዘርግተው፣ ጉንጫቸውን ደግፈው፣ ቅጹን አሰናድተው ተቀመጡ። ባንዲራው ይውለበለባል። ከሰልፉ ፊት የቆመችው ትሕትና ናት።

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ዛሬ ደህና ነኝ።»

«በይ ፈርሚ።»

«ያለፈው ወር ግን ደህና አልነበርኩም። ካለፈው በፊትም አልነበርኩም። ያኔ ፈርሜያለሁ። ውሸት ስለሆነ እሱን መሰረዝ እፈልጋለሁ።»

ሲስተር አጋታ መቁጠሪያቸውን አጥብቀው ያዙ። አቶ ልሳነወርቅ ቅጹን አገላበጡ፤ እንደዚህ ያለ ነገር በሥራ ዘመናቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። «በደንቡ መሠረት ደህና የነበረ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ መታመም አይችልም» አሉ።

«አሞኝ ነበር እኮ።»

«ፈርመሻል።»

«ፈርሜም አሞኝ ነበር።»

ከኋላዋ ያለው የጫማው ልጅ «እኔም» አለ። ከእሱ ኋላ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። አቶ ልሳነወርቅ ተነሥተው «ይህ አመፅ ነው! ይህ…» ብለው ሳይጨርሱ ግራ ጉንጫቸውን ይዘው ተመልሰው ተቀመጡ።

ሲስተር ወለላ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «አቶ ልሳነወርቅ፣ እርስዎ ደህና ነዎት ወይ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

«እውነት ደህና ነዎት?»

«ጠያቂ ደህና መሆን አለበት። የመቅጠሪያ መስፈርቱ ነው።»

«በሞቴ። ደህና ነዎት ወይ?»

ሰውየው ዙሪያቸውን አዩ። «ጥርሴ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ሐኪም ቤት ብታይ ይመዘገብብኛል። እንቅልፍ የለኝም፣ ሲስተር። አርባ ሺህ ሰው ጠይቄያለሁ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።» ይህን ብለው በልጆቹ ሁሉ ፊት አለቀሱ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» አሉ እትዬ ማንያህልሻል፣ የጨው ውሃ በኩባያ ይዘው ከወጥ ቤት እየመጡ። አቶ ልሳነወርቅ ተጉመጠመጡ። ጥቂት ሲቀልላቸው ብዕራቸውን አነሱና ቅጹን ተመለከቱ። ፊት ለፊቱ ላይ ሌላ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ወረቀቱን ገለበጡት። ባዶው ጀርባ ላይ «ትሕትና፦ ያን ጊዜ ደህና አልነበረችም፤ አሁን ይሻላታል» ብለው ጻፉ። ከሥሩ የራሳቸውን ስም አስከተሉ። ከዚያ «ቀጥሎ ያለው?» አሉ፣ ልጆቹም አንድ በአንድ ቀረቡ።

ጽሕፈት ቤቱ በሳምንቱ ባንዲራችንን ወሰደ። ከነገሩም ተምሮ ቅጹን አሻሻለ ተብሏል፤ «ደህና ነኝ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አትሞታል። አቶ ልሳነወርቅ ጥርሳቸው ተነቅሎ፣ ከሥራቸውም ተነሥተው፣ አሁን ከአባ ጢሞቴዎስ ጋር ሕሙማን ይጠይቃሉ፤ ይቆያሉ እንጂ አይቸኩሉም ይባላል። የሲስተር ወለላን ክፍል ማንም አልነካትም፤ ባንዲራ የሌለው ትምህርት ቤት የባንዲራ ማስቀመጫ አያስፈልገውም። ሲስተር አጋታ ራሳቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ገብተው፣ በሩን ዘግተው ቆይተው ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ፊታቸው ግን ፈክቶ ነበር። ምን እንዳሉ አልተነገረኝም፤ አልጠየቅሁምም፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አልጠየቅሁም።

ባንዲራው ሲወርድ ገመዱ ምሰሶው ላይ ቀርቶ ነበር። ረጅም፣ ጠንካራ፣ ጥሩ ገመድ ነው። ትሕትና ሲስተር አጋታን ልታስፈቅድ ሄደች፤ ሲስተር አጋታም ገና በመጀመሪያው ጥያቄ «ውሰጂው» አሉ።

እኔ ካርታዬን ጠቅልዬ ከክፍል ስወጣ ሁለት ልጆች ገመዱን ያሽከረክሩታል፤ ትሕትና መሐል ገብታ ትዘላለች፤ ሲስተር ወለላ ከዋሻው አጠገብ ቆማለች። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቆጥራሉ። ዘጠና ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። ነገሩን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ጸጥታው ግን ለሁሉም ተጋባ። ዘጠና ስምንት። ዘጠና ዘጠኝ። መቶ ላይ ትሕትና ዓይኗን ወደ ሲስተር ወለላ አነሣች፤ እግሯ ግን አልቆመም።

«መቶ አንድ!» አለች ራሷ፣ ጮክ ብላ።